አልቋል የተባለው ማማ

«ሉንዴ እና ካርትራይት» የሚባለው የሥነ ሕንፃ ቢሮ በደቡብ ሚኒሶታ ከተሞች ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ፣ የሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም የሁለቱ ሰዎች እጅ ያለበት ነው። ካርትራይት ይነድፋል፤ ሉንዴ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ሚስተር ሉንዴ ራሳቸው እንዲህ ነበር የሚሉት።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ስቀጠር ሚስተር ካርትራይት ከሞቱ ቆይተው ነበር። ስማቸው ግን በበሩ መስታወት ላይ እንዳለ ነው። ድርቁ ገበሬውን፣ ገበሬው ባንኩን፣ ባንኩ ደግሞ እኛን ይዞ ሲወድቅ ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀረን፤ ሚስተር ሉንዴ፣ ክላይድ ፔቲ የሚባል ነዳፊ እና እኔ።

በዚያው ሰሞን የክላይድ ሚስት ቬርና ሴት ልጅ ወለደች። ቤታቸው ውስጥ ሕፃን የሚጠቀለልበት ጨርቅ አልነበረም። የነዳፊ ሚስቶች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዘዴ ግን አለ። ዋናው ንድፍ የሚሠራው በአሚዶ በደረቀ ስስ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ነው፤ ሲቀቀል አሚዶውም ቀለሙም ይለቅና እንደ ሐር የለሰለሰ ነጭ ጨርቅ ይወጣዋል። ክላይድ አፍሮ ሲጠይቃቸው ሚስተር ሉንዴ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። የቆመ ሕንፃ ንድፍ አያስፈልገውም አሉት፤ ጥቅሉ ላይ «አልቋል» የሚል ካየህ ውሰድ፣ የሌለበትን እንዳትነካ።

ከዚያ ወዲህ ክላይድ በየጠዋቱ ወሬ ይዞ ይመጣል።

«ልጅቷ ትናንት ሉተራኖቹን አረጠበቻቸው» ይላል ኮቱን እየሰቀለ። «ዛሬ ደግሞ ባንኩን። ለባንኩ እንኳ ሲያንሰው ነው።»

ሳቅ የማያውቁት ሚስተር ሉንዴም በዚህ ይስቁ ነበር።

በጸደይ የአውራጃው ምክር ቤት አባል ሚስተር ሃውገን ቢሮ መጡ። ለሥራ አጦች ሥራ እንዲከፈት ከዋሽንግተን ገንዘብ ተለቋል፤ አውራጃው የፍርድ ቤቱን ማማ ሊያስጨርስበት ፈልጓል። ፍርድ ቤቱ ሲሠራ ማማው ጣሪያውን አለፍ እንዳለ ገንዘብ አልቆ፣ ላዩ በሳንቃ ተከድኖ ቀርቷል። ሚስተር ካርትራይት በዕድሜያቸው ከነደፉት ሁሉ የሚወዱት እሱን ነበር። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ ያጸደቀው የእሳቸው ንድፍ ስላለ ሥራው ያለ ጨረታ ለኛ ይሰጣል፤ ንድፉን ማቅረብ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ቢሮው እንደገና ነፍስ ሊዘራ ነበር።

ሚስተር ሉንዴ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። የጥቅሉ ቦታ ባዶ ነው። ለግንበኞች የሚሰጠው ሰማያዊ ቅጂም ለማማው ወጥቶለት አያውቅም። ሃውገንን ንድፉን ፈልገን እናመጣለን ብለው ከሸኟቸው በኋላ ክላይድ እንደ አመድ ነጥቶ ተነሣ።

«አልቋል ይል ነበር፣ ሚስተር ሉንዴ። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።»

«አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩን። ካርትራይት ሆስፒታል ተኝተው በየቀኑ ስለ ማማው ይጠይቋቸው ነበር። ሚስተር ሉንዴም አንድ ቀን ገንዘብ ተገኘ አሏቸው፤ ሌላ ቀን ድንጋዩ እየወጣ ነው፤ በመጨረሻም ቆመ። ካርትራይት እንዲያ ከሆነ ጥቅሉን አምጣና እንደ ልማዳችን ጻፍበት ሲሏቸው፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ጻፉ። ሰውየው ከሞቱ በኋላ ያቺን ቃል ሊፍቋት እጃቸው እንቢ አለ።

ከሰዓት በኋላ ክላይድ ቢያስጠራት ቬርና የልጅቷን የክርስትና ቀሚስ ይዛ መጣች። ከማማው ንድፍ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ሚስተር ሉንዴ ወደ መስኮቱ አስጠግተው በብርሃን አዩት። አንዲት መስመር እንኳ የለበትም።

«ልተርትረው? ምናልባት ከስፌቱ ውስጥ የቀረ ካለ» አለች ቬርና፤ እንባዋ መጥቷል።

«ተይው ልጄ። ልብስ ሆኗል። አልብሻት።»

ከዚያ በኋላ ሚስተር ሉንዴ ማማውን ከትውስታቸው መልሰው ሊነድፉት ቀኑን ሙሉ ከመንደፊያው ጠረጴዛ አይነሡም ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ መሠረቱ ላይ ምን ያህል እንደሚጫን ሳይሳሳቱ ይጽፋሉ፤ ጫፉ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። «ክብደቱን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «መልኩን የሚያውቀው እሱ ነበር።»

የካርትራይትን ሥራ ብዙ ስለገለበጥኩ የእሳቸውን የሚመስል ማማ ልነድፍ እንደምችል ነገርኳቸው። ሃውገን ልዩነቱን አያውቁም።

«ለእሱ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ» አሉ። «በእሱ ስም ግን አልዋሽም።»

ክላይድ ይህን ሲሰማ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «የሞተ ሰው ደሞዝ አይጠይቅም፣ ሚስተር ሉንዴ። እኔ እጠይቃለሁ።»

«እውነትህን ነው» አሉት። ከሁለቱ ማን ልክ እንደነበረ እኔም እስከ ዛሬ መፍረድ አልቻልኩም።

ሚስተር ሉንዴ ንድፉ የለም ብለው ለሃውገን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። አውራጃው ማማውን ማስጨረሱን ትቶ ጉቶውን በሬንጅ ጠፍጣፋ ጣሪያ እንዲያለብሱት ሥራ አጦቹን አሰማራ፤ ክላይድም በቀን ሠራተኝነት አብሯቸው ገባ። ሬንጁ በሚፈስበት ቀን ሚስተር ሉንዴ እኔን አስከትለው ደረጃውን ወጡ። ክላይድ አያቸውና መልሶ አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ። ሽማግሌው በርከክ ብለው ሳንቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ከኪሳቸው የብርጭቆ ብይ አውጥተው ለቀቁት። ብዩ ወደ መሃል ተንከባለለ።

«ውሃው እዚህ ይተኛል» አሉ ለክላይድ። «መሃሉን በጣት ያህል ከፍ አድርጉት።»

ክላይድ ከሳንቃው ሥር የሚገባ ሽብልቅ ሊያመጣ ወረደ። ሚስተር ሉንዴ እሱ እስኪመለስ ድረስ እዚያው እንደተንበረከኩ ጠበቁት።