ከልክ ያለፈ ነፋስ

የነፋስ ኃይል ማመንጫው የትንበያ ኃላፊ በሙያው የሚታማ ሰው አልነበረም። ነገ ምን ያህል ነፋስ እንደሚነፍስ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚገኝ በየቀኑ ከቀትር በፊት ለከተማው የመብራት ማከፋፈያ ሲያሳውቅ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ችግሩ፣ ጎበዝነቱን እሱም ማወቁ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የአየር ግፊቱ ሲወርድ አየና ፊቱ በራ። ነፋስ እየመጣ ነው ብሎ ለረቡዕ «ሙሉ ኃይል» ሲል ጻፈ። ሥራ ከጀመረች መንፈቅ ያልሞላት ረዳቱ ግን ካርታውን ይዛ መጣች። የሚመጣው ዐውሎ ነፋስ በማመንጫው ኮረብታ ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ነፋሱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ተርባይኖቹ እንዳይሰበሩ ራሳቸው ይቆማሉ አለችው። ከሪፖርቱ ግርጌም ማስጠንቀቂያ ጨምራ ነበር። ኃላፊው ግን ነፋስ በዝቶ መብራት ጠፋ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ በሰው ፊት ሳቀባትና ማስጠንቀቂያውን ሰረዘው።

ረቡዕ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተርባይኖቹ ተራ በተራ ቆሙ። ማከፋፈያው በእሱ ቃል ተማምኖ ተጠባባቂ ኃይል አላዘጋጀም ነበርና ግማሹ ከተማ መብራት አጣ። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ምን ነካችሁ ሲል፣ ኃላፊው ከአፉ ያወጣው ቃል፣ ሪፖርቱን ያዘጋጀችው አዲሷ ልጅ ናት የሚል ነበር። ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችው።

ስልኩን ሲዘጋ እናቱ ትዝ አለችው። ሳንባዋ ደክሞ የምትተነፍሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነው። ቢደውልላት ስልኩ አይሠራም። መኪናውን አስነስቶ በረረ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲደርስ፣ እናቱ ትራስ ተደግፋ መብራት በማይፈልግ የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ በተገጠመ ጭምብል በሰላም ትተነፍሳለች። ይህን ማን አመጣልሽ ብሎ ጠየቃት።

እናቱ ጭምብሉን ከፍ አደረገች። «ረዳትህ ናታ፤ ያቺ መድኃኒቴን ስትልክልኝ የምታመጣልኝ ልጅ። ጠዋት ይዛው መጣች። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል አለቃዬ ነው የላከኝ አለች። ተባረክ ልጄ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ምርቃቱን እንኳ መቀበል አቃተው።

«እኔ አልላክኋትም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሊጠፋ ይችላል ስትለኝ ሳቅሁባት። ዛሬ ደግሞ ጥፋቴን በእሷ ላይ አላከክሁ።»

እናቱ በጣቷ በሩን አሳየችው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።