እየጠበበ የሄደው መስመር

ሰው በኢሜል ፕሮግራም ይጣላል ወይ ብትሉኝ፣ እኔና ጃለታ ተጣልተናል። ያውም ሌላው በኳስ እንደሚጣላው፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ቢሯችን ሮቤ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። ሱቁ የሳላሕዲን አባት ነው፤ ቢሮው ደግሞ የሳላሕዲን። አባትየው ከስልጤ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲለኩ ኖሩ፣ ልጃቸው ሶፍትዌር ካልሸጥኩ ብሎ ተነሳ። ጃለታ ፕሮግራሙን ይሠራል። እኔ ገላኔ ደግሞ የተሠራው ነገር እንዴት እንደሚነካ፣ የቱ ሲጫን ምን እንደሚመጣ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ እጽፋለሁ። ደንበኞቻችን የስንዴ ገበሬ ማኅበራትና የኮምባይነር አከራዮች ናቸው።

የባሌ ሰው በሙሉ በቴሌግራም ነው የሚጻጻፈው። ጃለታ ግን በጀ አላለም። «ቴሌግራም ገበያ ነው፣ ኢሜል ግን ቤት ነው። ሥራ በቤት ነው የሚሠራው» አለ፤ ሳላሕዲንም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ ለክንድ እየተነካካን ተቀምጠን፣ በኢሜል እንጻጻፍ ጀመር።

የኔ ፕሮግራም ያምር ነበር። በግራ ማኅደሮቹ፣ በመሃል የመጡት መልእክቶች ተራ በተራ፣ በቀኝ የተከፈተው መልእክት። ማኅበራቱ አረንጓዴ፣ ኮምባይነሮቹ ቢጫ፣ ሳላሕዲን ቀይ፤ የሱ ነገር ሁሌም አስቸኳይ ስለሆነ። አዲስ ነገር ሲመጣ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ብሎ ይነግረኛል። ጠዋት ስከፍተው ቤቴን ጠርጌ የጨረስኩ ያህል ደስ ይለኛል። ይሄን ለጃለታ ብነግረው ሳቀብኝ።

የሱን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ «ውይ፣ ተበላሸብህ እንዴ?» ነበር ያልኩት። ጥቁር መደብ ላይ ነጣ ያሉ ፊደሎች ብቻ። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ማኅደር የለ። ማውሱንም ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል፤ ሁሉን በኪቦርድ ነው።

«አልተበላሸም፣ ተስተካክሎ ነው» አለኝ።

ለሁሉም ምክንያት ነበረው። ነጭ መደብ ዓይን ያደክማል። ማውስ ሥራ የሌለው ሰው መጫወቻ ነው። ቁም ነገር ያለው ሰው በፊደል ይናገራል፣ ሥዕል አይለጥፍም። ጥግ ላይ ብቅ የሚለው ነገር ሐሳብ ይሰርቃል፤ በምትኩ ትንሽ ድምፅ ይበቃል። መስመሩ ደግሞ ሰባ ሁለት ፊደል ላይ ይቆረጥ፤ ድሮ ስክሪን ትንሽ በነበረበት ጊዜ የሙያው አባቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ይሄ ሁሉ ከራሱ ያመጣው እብደት አይደለም። በሙያችን እንዲህ የሚያስቡ በየአገሩ ሞልተዋል፤ ኢንተርኔት ላይ በዚህ ጉዳይ ሲሰዳደቡ ውለው ያድራሉ። ስለዚህ አመንኩት። ማንም የሙያው ሰው ያምነው ነበር።

ቆይቶ ሰባ ሁለቱ ስልሳ ሆነ። ከዚያ አርባ። የቢሮውን የአጻጻፍ መመሪያ የምጽፈው እኔ ነኝና፣ ሕግ አድርገሽ አስገቢው አለኝ።

«ጃለታ፣ ይሄ መልእክት ነው ወይስ የጫማ ክር?»

«ጠባብ ሲሆን ዓይን አይቅበዘበዝም» አለኝ።

«የማን ዓይን?»

ሳላሕዲን ጣልቃ ገብቶ፣ «ባለሙያው እሱ ነው፣ ያለውን አድርጊ» አለና ተፈረደብኝ። ከዚያ ወዲያ የሁላችንም መልእክት እንደ መሰላል ቀጥኖ ይቆም ጀመር። እኔም በየቀኑ እያጉረመረምኩ መስመር ስቆርጥ ዋልኩ።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ጃለታን ተቀየመው። ሮቤ ላይ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ከሌባ አይሻልም። እሱ ደግሞ በሰው አጠገብ እንደ ግንብ እያለፈ ይሄዳል። ከታች ሻይ የምትሸጠው እታፈራሁ አንድ ቀን ጠራችኝና፣ «ያ ልጅ ምን ሆኗል? እጄን ዘርግቼለት ጥሎኝ ሄደ። ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኮራው?» አለች። ሐሳብ ላይ ሆኖ ነው ብዬ ተከላከልኩለት። ወንበር ሲመታ ሐሳብ ነው፣ በር ሲስት ሐሳብ ነው። ሲመሽ ከቤት መውጣት ሲተው ደግሞ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል አለ። አመንኩት። ምክንያት ለመፍጠር እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም።

ስንዴው ሊታጨድ ሲል አንድ ትልቅ ማኅበር ሥራችንን ላየው አለ። ሳላሕዲን ቁርጡን ነግሮናል፦ ከፈረሙ ቢሮው ይኖራል፣ ካልፈረሙ ፎቁ ተመልሶ የአባቱ መጋዘን ይሆናል። የሚያሳያቸው ጃለታ ነው። ገበሬው ኢሜል ይልካል፣ ፕሮግራሙ ተቀብሎ ኮምባይነር ይመድብለታል፣ ወረፋውን ይነግረዋል። ነገሩ ያ ብቻ ነበር፤ ግን ጃለታ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነው።

በዕለቱ እንግዶቹ ተቀምጠው ሳለ ሳላሕዲን አንድ ካርቶን ይዞ ገባ። አዲስ ላፕቶፕ፤ ሰፊ፣ የሚያበራ። የኔን የኢሜል ፕሮግራም አስጭኖበታል፣ ቀለሙንም እንደኔው አድርጎታል። ለጃለታ ስጦታ መሆኑ ነው።

«ያንተን ጥቁር ነገር እንግዳ ፊት አንከፍትም፣ መብራት የጠፋ ይመስላቸዋል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጃለታም ሳቀ፤ ግን እጁን ላፕቶፑ ላይ አድርጎ እንደያዘው ቀረ።

ፕሮጀክተሩ በራ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንደ ገበሬ ሆኜ ኢሜሉን ላክሁ። ግድግዳው ላይ ከጥጉ ብቅ አለ፣ በግራ ካሉት ማኅደሮችም ወደ አረንጓዴው ገባ። ሁላችንም አየነው። ጃለታ ማውሱን ያዘ። ቀስቷ ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትሮጥ ጀመር። ከኢሜሉ ላይ አለፈች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አለፈች።

«በግራህ ነው፣ ጃለታ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ቢታ ኬ።»

ዓይኑን አልነበረም ያዞረው። አንገቱን ሙሉ አዞረ፣ በር ላይ የቆመ ሰው የሚፈልግ ይመስል። አሁንም አላገኘውም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ረጋሳ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊያግዙት ብለው፣ «እዚያው ጋ ነው ልጄ፣ እኔ እንኳ ያለ መነጽር አየሁት» አሉ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ጃለታ።

ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ደህና ሆኖ አያውቅም። ያኔ ገባኝ። ጥቁሩ መደብ፣ መሳቢያ ውስጥ የገባው ማውስ፣ የእታፈራሁ እጅ፣ አርባ ፊደል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ተነስቼ ሄድኩ፣ ማውሱን ከእጁ ተቀበልኩና የቀረውን እኔ አሳየሁ። እንግዶቹ አመሰገኑን፣ ምሳ በሉ፣ «እንመካከርበታለን» ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ እየተመካከሩ ነው።

ጃለታን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አዝኜ ነበር ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን ተናድጄ ነበር፣ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰባ ሁለቱ በፊት» አለኝ።

«ሐኪም አየህ?»

«ጎባ አዩኝ፣ አዲስ አበባ ላኩኝ። ከዘር የሚመጣ ነው አሉኝ። ከዳር ይጀምርና ወደ መሃል እየጠበበ ይመጣል። አጋርፋ ያሉት አጎቴም እንዲሁ ነው የሆኑት።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሂንጅሩ። የለም አሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ አሁን ሳስበው በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ሊያገኘኝ ሲፈልግ ነበር። «ብነግርሽ ኖሮ ትጣይኝ ነበር? ታዝኚልኝ ነበር እንጂ። ገላኔ ኮ፣ የኔ ገላኔ፣ እኔን የሚጣላኝ ሰው ካንቺ ሌላ የለም።»

እዚያው ደረጃው ላይ አለቀስኩ። እወደው ነበር ወይ ብትሉኝ እንጃ። ከሱ ጋር መጣላት እወድ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ከማንም ጋር ኖሮኝ አያውቅም።

ሳላሕዲን ሲሰማ ላፕቶፑን ወደ ካርቶኑ መለሰው። ከዚያ የጃለታን ትከሻ ይዞ፣ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል። ወንበርህ ወንበርህ ነው» አለው። ከልቡ ነበር ያለው።

እኛም ተስፋ አድርገን ተነሳን። ስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አገኘን። እሱን ተምሬ፣ ለጃለታ ብቻ መመሪያ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። «በሥዕሉ እንደሚታየው» አይባልም። «አረንጓዴውን ተጫን» አይባልም። «በግራ በኩል» አይባልም። ዕድሜዬን ሙሉ በዓይን ተደግፌ ስጽፍ እንደኖርኩ ያን ጊዜ አወቅሁ። አንዷን ገጽ ስደልዝና ስጽፍ ብዙ ቀን ዋልኩባት።

ችግሩ ግን መመሪያው አልነበረም። ያገኘነው ድምፅ እንግሊዝኛ ያነባል። ኦሮምኛውን በእንግሊዝኛ ምላስ ሲያነበው መጀመሪያ ቀን ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ በሁለተኛው ቀን አልሳቅንም። አማርኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝም ይላል፤ ምንም እንዳልተጻፈ ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ጃለታ፣ «እኔ አስተምረዋለሁ» አለ። የሚያስተምረው ግን ኮድ እየጻፈ ነው፤ ኮዱን የሚጽፈው ደግሞ በዚያችው በምትጠበው ቀዳዳ ነው። ከኮዱና ከጨለማው የቱ እንደሚቀድም ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አንናገረውም እንጂ።

መስመሩ ሃያ ፊደል ሆነ። ከዚያ አንድ ቃል በመስመር። አሁን ምክንያት መስጠት ትቷል፤ «ትንሽ ጠበብ አድርጊው» ይለኛል፣ አደርገዋለሁ። ምነው ብዬ ብጣላው እንዴት ደስ ባለኝ። የራሴንም ፕሮግራም ጥቁር አደረግሁት፣ ቀለሞቹንም አጠፋኋቸው። ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም። እሱ እየጨለመበት እኔ በአረንጓዴና በቢጫ መቀመጥ አልሆንልኝ አለ።

አንድ ጠዋት ጃለታ ገብቶ የሳላሕዲን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳላሕዲን በር ላይ ቆሞ አየው፣ እኔም አየሁት፣ ማናችንም ቃል አልተነፈስንም። ጃለታ እጁን ጠረጴዛው ላይ አዳሰሰ፣ ኪቦርዱ የሱ እንዳልሆነ አወቀ። ዝምታችንንም ሰማ። በማግስቱ ዕቃውን ሰበሰበ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። እታፈራሁ ሱቋን ትታ ሮጣ መጣች፣ እጇን እንደማያየው አሁን ታውቃለችና እጁን ራሷ አንስታ ሳመችው። የአጋርፋው አውቶቡስ ሲነሳ በተቃራኒው መስኮት እያየ እጁን አውለበለበልን።

ስልክ ብደውል፣ «ነጋ ደ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ጃለታ ቁም ነገሩን የሚጽፍ እንጂ የሚናገር ሰው አልነበረም። ጻፍኩለት፤ በየመስመሩ አንድ ቃል። መልስ የለም። ቢሮው እስኪዘጋና የጨርቅ ጥቅል እስኪገባበት ድረስም መልስ አልነበረም። እኔ አሁን ከቤቴ ሆኜ ለሰው መመሪያ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጃለታ ኢሜል መጣ። ከፈትኩት። አንድ መስመር ብቻ ነው። ከስክሪኑ ግራ ጀምሮ በቀኙ ዳር ወጥቶ ሄዷል። ላንድ መስመር መቆረጥ ያን ያህል ሲሟገት የኖረ ሰው፣ ሳይቆርጥ፣ አራት ነጥብ እንኳ ሳያደርግ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጀምሮ ለቆታል። ለሱ ከእንግዲህ ጠባብም ሰፊም መስመር የለም። መልእክቱን ሳላነብ ያን አወቅሁ። ከዚያ ወደ ቀኝ እየገፋሁ አነበብኩት።

«ገላኔ ደህና ነሽ ወይ ስንዴው እየታጨደ ነው ኮምባይነሩ መምጣቱን በድምፁ አወቅሁት ያንን ድምፅ አማርኛ ማስተማር አልቻልኩም ስለዚህ ብትጽፊልኝ አልሰማውም እህቴን አንብቢልኝ ማለት አልፈልግም በኦሮምኛም አትጻፊ አንቺን በዚያ ምላስ መስማት አልፈልግም ቀለሞችሽን መልሺያቸው አረንጓዴው የማኅበራቱ ነበር ቀዩ የሳላሕዲን አልረሳሁም ጥቁሩ ያንቺ አልነበረም»

ቀለሞቹን አልመለስኩም። መልስ ጻፍኩለት፤ በአማርኛ፣ በየመስመሩ አንድ ቃል እያደረግሁ፣ ልክ እንደ ድሮው እየተጣላሁት። አነበብኩት፣ ላክሁት። ፕሮግራሙም «ተልኳል» አለኝ።