ያልተሰማው ይግባኝ

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ አጅባ ፍርድ ቤት የገባችው፣ የእሷ ዕጣ በልጅቷ እንዳይደርስ እየጸለየች ነበር። ከዓመታት በፊት የምትሠራበት ፋብሪካ ማሽን ጣቶቿን ሲቆርጣት «ጥፋቱ የራሷ ነው» ተብሎ ተፈረደባት። ይግባኝ ብላ እስከ በላይ ፍርድ ቤት ብትደርስም፣ ዳኞቹ «ይግባኙ ለክርክር አያስቀርብም» ብለው መለሷት እንጂ አንድም ቃል አልሰሟትም። አሁን ደግሞ ያው መዘዘኛ ማሽን የልጅቷን እጅ በላው።

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ያለቀለት ነገር ነው። በዚሁ ፋብሪካ ላይ የቀረበ ተመሳሳይ ይግባኝ በበላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። የሚያወራው ስለ እሷ ነበር።

የልጅቷ ጠበቃ፣ «የበላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አላየውም እንጂ ፍርዱን አላጸናውም! አለመስማት መፍረድ ነው እንዴ?» ብሎ ተከራከረ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ፍርድ ስህተት ቢኖርበት የበላይ ዳኞቹ ዝም ብለው ያልፉት ነበር?» አሉና በልጅቷ ላይ ፈረዱ። ጠበቃዋ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ፋይሉን ሰበሰበ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ያኔ አፌን እንኳ እንድከፍት አልተፈቀደልኝም!» ስትል ፖሊሱ ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ልጅቷ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ይዛ ተከትላት ወጣች። አክስቷ «የኔ ዓለም» ብላ ልታቅፋት ስትጠጋ ሸሸት አለች።

«እትዬ፣ ምናለ ያኔ ይግባኝ ሳትይ አርፈሽ ብትቀመጪ ኖሮ?»

ልጅቷ ይህን ብላ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ብቻዋን ወረደች።