በልምምድ የሞቱት ልብስ ሰፊ

«የሟች ቤተሰብ ነዎት?» አለ የሰፈሩ አስተዳደር መዝገብ ያዥ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ።

እትዬ በከንፈራቸው የያዟቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጡ እጅጌያቸው ላይ ሰኩ። «ኧረ እኔን! ማን ሞተ?»

«የዚህ ቤት ተከራይ። ሴት ናቸው፤ ልብስ ሰፊ።»

«ውይ፣ የሙያ እኅቴን! የት ነበር የሚሰፉት?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ሰፈር እኮ ከእኔ ሌላ ልብስ ሰፊ የለም፣ የኔ ልጅ።»

መዝገብ ያዡ ወረቀቱን አየ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየ፤ እትዬን አየ። ሦስቱ አልስማማ አሉት። ከሦስቱ አንዱን ማመን ግድ ሲሆንበት ወረቀቱን አመነ።

«እንግዲያው እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ነፍስ ይማር።»

«ያኑርህ» አሉ እትዬ፣ ከልማድ የተነሣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ በርጩማ ላይ ቆሜያለሁ። ሱሪዬን ሊያሳጥሩልኝ አንደኛውን እግር ቆርጠው ወደ ሁለተኛው ሊዞሩ ነበር። ጎረቤት ነኝ። በመካከላችን ያለችው ግድግዳ ስስ ከመሆኗ የተነሣ እሳቸው ሲሰፉ የእኔ ቤት ብርጭቆዎች ይዘፍናሉ። ሞተው ቢሆን ኖሮ ከመዝገቡ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ።

ጣጣው የመጣው ከቅዳሜው ሥልጠና ነው።

ካቻምና ጎርፍ ገብቶብን ምንጣፋችንን ከሰው አጥር ላይ ለቅመናል። አስተዳደሩ ያን ጊዜ አልነበረም፤ ማለቴ ነበር፣ ግን ስብሰባ ላይ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘንድሮ «ማኅበረሰባችንን ለአደጋ እናዘጋጅ» የሚል ባነር አደባባዩ ላይ ተሰቀለ። ሥልጠናው ደግሞ ለጎርፍ አይደለም፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ የመጣው ዕቃ ሄልሜት ነው፣ ጀልባ አልመጣም አሉኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

አሰልጣኙ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ፣ ድምፅ ማጉያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። አጠገቡ ቆመህ ስንት ሰዓት ነው ብትለው እንኳ በማጉያው ነው የሚመልስልህ። ጠረጴዛ ላይ ቁራጭ ጨርቆች ዘረጋና፣ «አንድ አንድ አንሡና ክንዳችሁ ላይ እሰሩ! ትርጉሙ በኋላ ይነገራችኋል! አደጋም ቢሆን ቀድሞ አይነግራችሁም!» አለ። አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ። እኛ እጃችን የደረሰበትን አነሣን፤ ለእኔ ቀይ ደረሰኝ። እትዬ ግን ጨርቅ አይተው ዝም አይሉም። ሁሉንም በጣታቸው አሻሽተው አሻሽተው፣ «መሬት ላይ የሚያስተኙን ከሆነ ጥቁር ይሻላል፤ እድፍ ይችላል» ብለው ጥቁሩን አሰሩ።

ጥቁሩ ለካ የሞተ ሰው ነው።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ! እትዬ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አስፋልቱ ላይ ተዘርግተው አንዲት ጣት አላነቃነቁም። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ አረፈች፣ ተመላለሰች፣ ሲሰለቻት ጥላቸው ሄደች። አሰልጣኙ በደስታ ማጉያውን ሊውጠው ምንም አልቀረው። «እያያችሁ ነው? መሞት እንዲህ ነው! ከእኚህ እናት ተማሩ!» ብሎ ጮኸ። አጨበጨብንላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው እጅ ሊነሡን ሲሉ አሰልጣኙ በዓይኑ መልሶ አስተኛቸው።

መዝገብ ያዡ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው። «ልምምዱ በሁሉም ነገር እንደ እውነተኛው ይሠራ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ ደርሶታል። ስለዚህ ሟቿን እውነተኛው መዝገብ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በቆንጆ ጽሕፈት አሰፈራቸው። መዝገቡ «ለልምምድ» የሚል ዓምድ የለውማ። የእትዬ ቤት የአስተዳደሩ ነው፤ ተከራዩ ከሞተ በዐሥረኛው ቀን ለተረኛ ይተላለፋል። አንዲት ክፍል ናት። ግን ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩባት፣ የስፌት መኪናቸው ከመስኮቷ ሥር የተተከለባት ክፍል ናት። ከእሷ ከወጡ መሄጃ የላቸውም።

መዝገብ ያዡ ቁልፉን የሚያስረክቡበትን ቀን ነግሯቸው ሲሄድ፣ እኔም አንዱ እግሩ አጭር አንዱ ረጅም በሆነ ሱሪ እትዬን ተከትዬ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

«ይኸው መጣሁ የኔ ልጅ» አሉት። «ሰርዘኝ።»

«ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው እትዬ።»

«ቆሜ እያየኸኝ?»

«እኔማ አያለሁ። መዝገቡ ነው የማያየው።»

«ንገረዋ!»

«በየትኛው ቅጽ?»

አላስችል አለኝና ጣልቃ ገባሁ። «ስማ ወንድሜ፣ እኔ እመሰክራለሁ። ጎረቤታቸው ነኝ፤ በሕይወት አሉ።»

ገጹን ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ ወረደና ስሜን አገኘው። «እርስዎ ቁስለኛ ነዎት» አለኝ። «ጭንቅላትዎን ነው የተመቱት። የእርስዎ ምስክርነት አይያዝም።»

«ማን መታኝ?»

«ጣሪያ።»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። አላቆም ቢላቸው በመሐረብ አፋቸውን ያዙ። ደረጃውን ስንወርድ ግን መሐረቡ ወደ ዓይናቸው ወጣ። «እኔ እኮ መሞቴን አልጠላሁትም» አሉኝ። «ቤቴን ማጣቴን ነው እንጂ።»

መፍትሔው የተገኘው ከአሰልጣኙ ነው። በር ላይ አገኘነውና ነገሩን ስንነግረው ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ማጉያውን አነሣ። «በልምምድ የሞተ በልምምድ ይነሣል!» አለ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ለካስ «ሞቷል ተብሎ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የተገኘ» የሚል ቅጽ አለ፤ እስከ ዛሬ የሞላው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ያልታወቀው። ሁለተኛ ልምምድ ይደረጋል፤ የነፍስ አድን ቡድን የፈረሰው ቤት ይገባል፤ የቡድኑ መሪ በገዛ አፉ «በሕይወት አግኝቻቸዋለሁ» ካለ አበቃ። ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ቁልፉ የሚረከበው ሰኞ ነው።

ረቡዕ ዕለት ተረኛው መጣ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ግን እንደ ሙሽራ የሚያፍር ሰው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አማቱ ሳሎን ውስጥ እያደረ ዐሥራ አንድ ዓመት ቤት ጠብቋል።

«እትዬ፣ በሕይወት እያሉ መምጣቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «አልጋችን ይገባ እንደሆነ ለክተህ ና ብላ ሚስቴ ናት የላከችኝ።»

«ግባ፣ ግባ። በምን ልትለካ ነው?»

«በስንዝር።»

«ስንዝር አያስተማምንም። እንካ» ብለው ከአንገታቸው ላይ ሜትሩን አውርደው ሰጡት። አልፈው ተርፈው አንዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙለት። «አልጋውን ወደዚህ አድርገው፤ በዚያ በኩል ጣሪያው ያፈሳል።»

ሰውየው ለክቶ ሲጨርስ ሜትሩን ጠቅልሎ በሁለት እጁ መለሰላቸውና ቀና ብሎ ሳያያቸው ወጣ።

ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ደጅ ተሰበሰበ። «ቤቱ ፈርሷል!» አለ አሰልጣኙ። ቤቱ እንደ ቆመ ነው፤ ከውስጥም የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። አደራ ያለባቸው ቀሚስ ነበርና ሥራ አልፈቱም። አንድ ሰው ወለል ብሎ ወደተከፈተው በር ሲራመድ፣ «በሩ ተቀብሯል! በመስኮት!» ተብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ አሰልጣኙ ሕዝቡን ቃኘና ትከሻ አይቶ የቡድን መሪ መረጠ። ዳቦ ጋጋሪውን።

ሚስቴ በጆሮዬ፣ «ሥጋን ለጅብ አደራ» አለችኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ሄልሜቱን አጠለቀና በመስኮቱ ጭንቅላቱን አስገባ። ትከሻው ሲደርስ ተቀረቀረ። ያለው ይሰማን ነበር።

«እትዬ... አሉ?»

መኪናው ቆመ። «አለሁ የኔ ልጅ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩት።»

«አውቃለሁ። ሦስት ልጆች ናቸው አይደል?»

«አራተኛው እየመጣ ነው።»

«ይደግ። እንግዲህ እንደ ኅሊናህ አድርግ። የሞትኩ እንደሆነም ንገረኝና ልተኛልህ፤ ይህን ጠርዝ ብቻ ልጨርስ።»

ከኋላ የሚታየን ጀርባው ብቻ ነው፤ ጀርባው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። «ቡድን መሪ! ውጤት!» ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ። ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን መንጭቆ አወጣ። ሄልሜቱ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ደርሷል።

«በሕይወት አሉ» አለ። «እንዲያውም ይቀልዳሉ።»

ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። በእግሬ ልውጣ ቢሉም በጄ አላሏቸውም፤ ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ቀሚሱን እንዳቀፉ፣ በመስኮት አወጧቸው። መዝገብ ያዡ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሞላ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ። እትዬ ከቃሬዛው ወረዱ፣ ዳቦ ጋጋሪውን አገላብጠው ሳሙት፣ በተቀበረው በር ገብተው መኪናቸው ጋር ተቀመጡ።

መዝገብ ያዡ ደጃፉ ላይ ቀረ። አንድ እግሩን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

«ምነው? ግባ እንጂ» አሉት።

«መግባት አልችልም እትዬ። ቅጹ ላይ ‹የተገኙበት ቤት ሁኔታ› የሚል ነበረበት፤ ‹ፈርሷል› ብዬ ሞላሁ። ካልፈረሰ ደግሞ ከፍርስራሽ አልወጡም፤ ካልወጡም በሕይወት የሉም። አሁን ቤቱ ከአስተዳደሩ ቤቶች ዝርዝር ወጥቷል።» ላቡን ጠረገ። «የሌለ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጡት።»

እትዬ ክሩን በምላሳቸው አርጥበው መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉ።

«እሰይ» አሉ። «ከሌለ ቤት ደግሞ ማን ያስወጣኛል?»