በዕርቁ ብርዝ ላይ የተጨመረው

የራሱን አገር ልማድ ከሌላው ሰው ሕሊና በላይ የሚያኖር፣ መልካም ያደረገ እየመሰለው ሊያድነው የተነሣለትን ነገር ያጠፋል። ጥፋቱ ባለማወቅ ከሆነ ይቅርታ አለው፤ እያወቀ፣ «ጥቂት ናት፣ ምን አለበት» ብሎ ከሆነ ግን ጥቂትነቷ ከፍርድ አታድነውም። በአርብ ገበያዋ ብርነሽ ላይ የደረሰው ይህንኑ ያስረዳል።

ብርነሽ የተወለደችው እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ መንደር ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ቤተሰቡን ይዞ ታች ጋይንት ገባ። አድጋ፣ ተድራ፣ ባሏም ሳይወልዱ ሞቶባት፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ መጠጥ ቤት ከፈተች። ገበያ በዋለ ቁጥር የሚመጣውን እንግዳ አገሩን ሳትጠይቅ በሚያዘው መጠጥ ትለየው ነበር። የስማዳ ሰው ማር በውሃ ተበጥብጦ ሲቀርብለት «ብርዝ» ብሎ አመስግኖ ይጠጣል። ከንፋስ መውጫ ብርድ የወረደው የላይ ጋይንት ሰው ያንኑ ብርዝ በጠጅ ካላደባለቁለት ያኮርፋል፤ ስሙንም «ቅልቅል» ይለዋል። የእስቴ ዘመዶቿ ግን ብርዙ ላይ አረቄ ጠብ አድርገው፣ ጦስኝ ነክረው፣ «ልዝብ» ይሉታል። አረቄ የሌለበትን ብርዝ የአራስ ቤት መጠጥ ነው እያሉ ይስቁበታል። በከተማዋ ለሚኖሩት ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ጌሾ ባልነካው እንስራ የተበጠበጠውን ንጹሕ ብርዝ፣ ለእነሱ ብቻ በተለየ ጣሳ፣ እስከ ሱቃቸው ደጃፍ ትወስድላቸው ነበር። በዚህ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ፤ የኋላ ጥፋቷን ካለማወቅ የሚቆጥርላት እንዳይኖር።

አብዮቱ ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወንድሟ ጌጡ በገበያ መካከል አህያ አሳለፍክብኝ፣ አላሳለፍኩብህም በሚል ጠብ አሚን የተባለውን የጨው ነጋዴ በዱላ መታው። አሚን በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጌጡ ደብረ ታቦር ወህኒ ቤት ሰባት ዓመት ታስሮ በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተፈታ። መንግሥት ከእሱ የሚፈልገው አልቆ ነበር፤ የሟች ቤተ ሰብ የሚፈልገው ግን አላለቀም። የአሚን ታላቅ ወንድም ረመዳን በዚያችው ከተማ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ዕርቅ ካልወረደ ጌጡ ወይ አገር ይለቃል፣ ወይ ይሞታል። ብርነሽ ከእሱ ሌላ የእናቷ ልጅ የላትም።

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ከክርስቲያኑ፣ ሼህ ሷሊህ ከሙስሊሙ ሽማግሌ ሆነው አራት ወር ተመላለሱ። በመጨረሻ የሟች እናት ሀኒፋ አንጀታቸው ራራና ለረመዳን «ልጄን አይመልሰውም፤ አንተንም ልቀብር አልፈልግም» አሉት። ረመዳን የእናቱን ቃል አልጣሰም። ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ተቈረጠ።

የዚያ አገር የደም ዕርቅ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ማሩ ከገዳይ ወገን፣ ውሃው ከሟች ቤት ይመጣና ባልተነካ አዲስ ገንቦ አንድ ላይ ይበጠበጣል። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሴት ተመርጠው ይበጠብጣሉ፤ እስኪቀርብም ይጠብቁታል። ከዚያ የሟች ወንድምና ገዳዩ ከአንድ ዋንጫ ይጠጣሉ፤ ከሁለቱ ወገን የመጡት ምስክሮችም ይከተላሉ። ከጠጡ በኋላ ደም አይፈለግም። ሙስሊም ያለበት ዕርቅ ከሆነ መጠጡ ንጹሕ ብርዝ ብቻ ነው። ለመበጥበጡ ከሟች ወገን ሀኒፋ፣ ከገዳይ ወገን ብርነሽ ተመረጡ። መምሬ ሥርዓቱን ለብርነሽ ሁለት ጊዜ ነገሯት፤ ሁለት ጊዜም «አውቃለሁ፣ አባቴ» አለቻቸው።

በቀጠሮው ጧት አጎቷ አያ ሞላልኝ ከእስቴ ደረሱ። በቅሏቸውን ሳያስሩ ወደ ጓዳ አንገታቸውን አስገቡ።

«ምን ልታጠጪን ነው፣ አንቺ ልጅ?»

«ብርዝ ነው፣ አያ።»

«ብርዙንስ ብርዝ ነው፤ ምን ገብቶበታል?»

«ማርና ውሃ።»

«እግዚኦ! ሰባት ዓመት የታሰረ ሰው በውሃ ልታስታርቂ? ያባትሽን ዕርቅ አታስታውሺም? ከነደላንቴ ቤት ጋራ የታረቀው በልዝብ አልነበረም? ይኸው እስከ ዛሬ በመካከላቸው ክፉ ቃል አልወጣም። የውሃ ዕርቅ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል።»

«ይተዉኝ አያ፣ ሥርዓታቸው ነው።»

«የኛስ ሥርዓት የት ገባ?» ብለው ወጡ። በደጅ ከተቀመጡት የእስቴ ዘመዶች ጋር ሲሣሣቁ ተሰማት። አንዱ «ለኔስ ጡጦ አምጡልኝ» አለ።

ብርነሽ ሳቁን ችላ ማለት ይገባት ነበር። አልቻለችም። አሥር ዓመት ሙሉ በእጇ የተመሰገነች ሴት ነበረች፤ በወንድሟ ቀን የአገሯ ሰው ይሥቅብኛል ብላ አላሰበችም። ከሳቁ ይልቅ ግን የአጎቷ ቃል ገባባት። የውሃ ዕርቅ ይደርቃል። ጌጡ ከተፈታ ጀምሮ ሲተኛ በሩን በግንድ እንደሚደግፍ ታውቃለች። ዕርቁ ባይጸናስ?

ሀኒፋ ውሃውን በራሳቸው እንስራ አዝለው መጡ። ወገባቸው ስለ ጎበጠ ብርነሽ ሮጣ አወረደችላቸው።

«ለምን ሰው አልላኩም፣ እመት?»

«የልጄ ውሃ ነው፤ ማን ይያዝልኝ?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ማሩ የት አገር ነው?»

«የስማዳ ነው። ነጭ ማር።»

«ደግ። አሚን የስማዳ ማር ይወድ ነበር።»

ሁለቱ አንድ ላይ በጠበጡ፤ አንዷ ታንቆረቁራለች፣ አንዷ ታማስላለች። ሀኒፋ በትንሽ ጣሳ ቀምሰው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፀሐዩን አይተው ተነሡ።

«የዙህር ሶላት ደርሷል። እዚያ ከጎተራው ጀርባ ሰግጄ እስክመለስ አንቺ አለሽበት አይደል?»

«አለሁ፣ እመት። ልብዎን ይጣሉብኝ።»

«ባላምንሽ መች እሄድ ነበር» ብለው ወጡ።

ብርነሽ ብቻዋን ቀረች። የአረቄው ጠርሙስ ከመደቡ ላይ ነበር። አንድ መለኪያ ቀዳች፤ መለስ ብላ በሩን አየች፤ ገንቦው ውስጥ ጨመረችው። ቀመሰች፤ ምንም አይታወቅም። ምንም ካልታወቀ ደግሞ ልዝብ አይደለም ብላ ሁለተኛውን ጨመረች። ሦስተኛውንም ደገመች። ሽታውን ለመሸፈን ጦስኝ በጣቶቿ አሽታ ነከረችበት። «ስለማያውቁት አይጎዳቸውም» አለች በልቧ። ይህን ለራሷ ማለቷ ብቻውን ስሕተት መሆኑን እንደምታውቅ ይመሰክርባታል፤ ንጹሕ እጅ እንዲህ ያለ ምክንያት አያሻውምና። ሀኒፋ ሲመለሱ ገንቦው ተከድኖ ነበር።

«ደግሞ ምን ሸተተኝ?»

«ጦስኝ ነው፣ እመት። ለማዛ።»

«መልካም አደረግሽ» አሉ።

ሰዉ የተሰበሰበው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ግቢ ነው፤ ያለ ሊቀ መንበሩ ፈቃድ መሰብሰብ በማይቻልበት ዘመን ፈቃዱ በጽሑፍ ተሰጥቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ራሱ በጥግ ተቀምጧል። ጌጡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ራሱን ደፍቶ ገባ። መምሬ «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲሉ ረመዳን ተነሥቶ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። እጁ ሲነካው ጌጡ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብርነሽ ይህን ባየች ጊዜ ገንቦውን አንሥታ መሬት ላይ ልትከሰክሰው አሰበች። አሰበች እንጂ አላደረገችም።

ዋንጫው ተቀዳ። ረመዳን «ቢስሚላህ» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጎነጨ፤ ግንባሩን ጥቂት ቢቋጥርም ለጌጡ አቀበለው። ጌጡ ጠጣ። የተቀረው ለምስክሮች ሲዞር ከገዳይ ወገን የመጀመሪያው አያ ሞላልኝ ነበሩ። አንድ ጊዜ ጎንጨት፣ ደግመው ጎንጨት አደረጉና ፊታቸው በራ።

«እሰይ የእህቴ ልጅ! ይኼ ነው የእስቴ ልዝብ! አረቄዋን አልረሳሽም!»

የተናገሩት በደስታ ነበር። ሼህ ሷሊህ ዋንጫውን ተቀብለው አሸተቱና መሬት ላይ ደፉት። ረመዳን ወደ አጥሩ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ሰደደ።

«ብርነሽ፣ ምን አደረግሽ?» አለ ጌጡ።

«እኔ ምንም... ውሃው ከነሱ ቤት ነው የመጣው፣ እንስራው የነሱ ነው።»

ሀኒፋ ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ ነኝ ልጄን በአረቄ ያስታረቅሁት? ወላሂ፣ እኔ እየሰገድኩ ነበር።»

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ነዪ። ሳሚና ያንኑ ድገሚው።»

ብርነሽ ሦስት እርምጃ ተራመደች። መስቀሉ ፊት ስትደርስ ሳትስመው ተንበረከከች። «ሦስት መለኪያ» አለች፤ «ዕርቁ እንዲጸና ብዬ ነው።»

«ዕርቁ በመጠጡ ሳይሆን በመታመን ነበር የሚጸና» አሉ መምሬ። «አንቺ ያጎደልሽው እሱን ነው።»

ረመዳን አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ሳላውቅ የጠጣሁትን አላህ ይምረኛል። እናቴ ግን እምነቷን ሰጥታሽ ነው ለሶላት የሄደችው።» ወደ ጌጡ ዞረ። «አንተ ይህን አላደረግህም። ዛሬ አልነካህም። ነገ ከዚህ አገር ባገኝህ ግን ለራሴ ዋስ አልሆንም።» እናቱን ደግፎ ወጣ። ሀኒፋ ባዶውን እንስራቸውን አልረሱም፤ ራሳቸው ተሸክመውት ሄዱ።

አያ ሞላልኝ «እኔ ምን አውቄ ነው የተናገርሁት?» እያሉ ለዚህም ለዚያም ሲያስረዱ ዋሉ፤ የሚሰማቸው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ዕርቁ እንዳልወረደ ፈረዱ። ጌጡ በማግስቱ የአባቱን መሬት ለገበሬ ማኅበሩ አስረክቦ ወደ መተማ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ብርነሽን አታልላ የሰው እምነት በማርከስና ሰላም በማደፍረስ ሦስት ወር እስራት ፈረደባት፤ መጠጥ ቤቷም ታሸገ። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስና ሼህ ሷሊህ በአንድ ቃል፣ ለሠርግም ሆነ ለተዝካር ወይም ለዕርቅ፣ በታች ጋይንት መጠጥ እንዳትጠምቅ ከለከሏት። እስራቷን ጨርሳ በሚያዝያ ወጣች። ክልከላው እስክትሞት አልተነሣላትም።