የቡሌ ጦስኝ

ይመኙሻል ዲላ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጥ ነበር። ከመንዝ ከባሏ ከገሪማ ጋር መጥታ ነው እዚያው የከተመችው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም ከቡሌ ደጋ የወረደ ጦስኝ ቆንጥራ፣ «አፍልተሽ በማር ጠጪው፤ የተረፈውን ሽሮሽ ላይ ጣል አድርጊበት፤ ሆድም ያረጋጋል» እያለች ትሸኛለች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ ገሪማን አሰሩት። ለአርበኞች ጨው ልኳል ተብሎ ነው። ሲፈቱት ከሰውነት ተራ ወጥቶ፣ ሳሉ ደረቱን እየሰነጠቀው ቤቱ ገባ። እርጥብ መሬት ላይ ሲያስተኙት ከርመዋል፤ በሰደፍም ጎድኑን ብለውታል።

ይመኙሻል የጦስኙን ቋት ገለበጠች። የቀረው ትቢያ ብቻ ነው። ቡሌ መንገድ ላይ ኬላ ከቆመ ወዲህ ደገኞቹ መውረድ ትተዋል። ራሷ ልትወጣ ብትሞክርም የኬላው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረው ወታደር፣ ጠመንጃውን አግድሞ መለሳት። ጎረቤቷ ሀጅራ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ዝንጅብል ይዛላት መጣች። ይመኙሻል አፍልታ ለገሪማ ሰጠችው፤ ሳሉ አልበረደም።

አንድ ረፋድ ሀጅራ እያለከለከች ገባች።

«ይመኙ፣ የጣሊያኑ ሹም ወጥ ቤት ጦስኝ አለ አሉ! ወታደሮቹ ከቡሌ ያመጡለታል። የበግ ሥጋ ላይ ነው የሚነሰንሱለት።»

ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የሹሙ በር ላይ ያገኘችው አስተርጓሚውን ወልዱን ነው፤ ገሪማ ሲመረመር ቃሉን የተረጎመው እሱ ነበር። ሆኖም እግሩ ላይ ወደቀች።

«ተይ እህቴ፣ ተነሺ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጦስኝ። አንድ እፍኝ ብቻ። ለገሪማ ነው።»

ወልዱ ዓይኗን ማየት አቃተው። ገብቶ ትንሽ በጨርቅ ቋጥሮ አመጣላት። «ከእኔ ያገኘሽ እንዳይመስል» አለና በሩን ዘጋው።

ገሪማ እንፋሎቱን እየሳበ ጠጣው። ትንፋሹ ለቀቅ አለለት።

«ሽሮ አማረኝ» አለ።

ከዚያው ጦስኝ ጣል አድርጋበት ሠራችለት። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ፈገግ ሲል ልቧ ዘለለ።

በማግስቱ ከሰዓት ግን ደም አሳለው። ያን ጊዜ ነገሩ ጉንፋን እንዳልሆነ ይመኙሻል ገባት፤ የተሰበረውን ውስጡን ጦስኝ ምን ያደርገዋል? ጎረቤቶች በቃሬዛ ወደ ጣሊያኖቹ ሐኪም ወሰዱት። ወልዱ በጣሊያንኛ ለመነላቸው። ሐኪሙ ቀና ሳይል አንዲት ቃል ተናገረ።

«ለወታደር ብቻ ነው ይላል» አለ ወልዱ።

መልሰው ይዘውት ገቡ። ይመኙሻል የቀረውን ጦስኝ ጣደች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ጽዋውን ከንፈሩ ላይ ስታደርግለት በጎን በጎኑ ፈሰሰ።

«ይሻለኛል፣ አይደል?» አላት።

«ይሻልሃል።»

ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈ። ዓይኑን የከደነችለት ሀጅራ ናት፤ ይመኙሻል ገና ጽዋውን እንደያዘች ነበር።

ቀብሩ ላይ ወልዱም መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመ። ይመኙሻል አየችው። ልትረግመው አሰበች፤ ጦስኙ ትዝ አላት። ፊቷን መለሰች፤ ሴቶቹም ደግፈው ወሰዷት።