በሙጫ የተሸፈነው በር

በመሥሪያ ቤቱ «ሰባሪዋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ሌሎች የሠሩትን የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እንደ ሌባ ሆና መፈተን ነው። ኤሌክትሪኩን ታዛባበታለች፣ በሙቀት ታግለዋለች፣ ሽቦ ትተክልበታለች፤ ምስጢሩን እስኪዘከዝክ ድረስ መግቢያ መውጫ ታሳጣዋለች። እሷ መስበር ያቃታት ገበያ ይወጣል። ባሏ ደግሞ እዚያው ሕንፃ፣ ከእሷ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ ቺፕ ነዳፊ ነው። «እሱ ይሠራል፣ እሷ ታፈርሳለች፤ ጎጇቸው እንዴት እንደቆመ እንጃ!» እያሉ ወዳጆቻቸው ይቀልዱባቸዋል።

ያን ሰሞን የተሰጣት ቺፕ የባሏ ነበር። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ ለበሽተኛ መድኃኒት በልክ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ውስጥ የሚገባ ነው። ክፉ ሰው ከተቆጣጠረው መጠኑን እንዳሻው ሊለውጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቺፑ ከሐኪሞቹ በቀር የማንንም ትእዛዝ እንዳይቀበል የሚያደርግ የምስጢር ቁልፍ በሆዱ ይዟል። ሰባሪዋ ሳምንታት ታገለችው። ወይ ፍንክች! የክፍሏ ልጆች «ለባልሽ አዘንሽለት አይደል?» ሲሏት ጥርሷን ታሳያቸዋለች፤ ውስጧ ግን እርር ድብን ይላል።

አንድ ምሽት እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሸሚዙን ይተኩሳል።

«አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል» አለ ድንገት። «የመፈተሻውን በር ሳልዘጋው ለቀቅሁት።»

«በር» ያለው፣ ፋብሪካ ውስጥ የቺፑን ጤንነት ለማየት ሽቦ የሚነካባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ውስጥ ያለ ፊውዝ ተቃጥሎ ለዘለዓለም መዘጋት ነበረበት።

«ለምን አልዘጋኸውም?» አለችው።

«ከተዘጋ በኋላ ቢበላሽ ውስጡ አይታይማ። አለቆቹ ደግሞ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያሉ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። በጥቁር ሙጫ ሸፍኜዋለሁ። በሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ። ደግሞስ ማን ቁጭ ብሎ ሙጫ ይፍቃል?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ግን ሰውየው አፉ አላመለጠውም፤ ለሚስቱ ነው ያወራው። «ነገ በጠዋት ሄደህ ንገራቸው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። በሽንኩርቱ አሳብባ ዐይኗን በክንዷ ጠረገችና መክተፏን ቀጠለች።

በማግሥቱ ሥራ እንደገባች ቺፑን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብታ ሙጫውን በስለት ፋቀችው። ሽቦዎቿን አስነካች። ቁልፉ ኮምፒውተሯ ላይ እንደ ጉድ ተዘረገፈ። በዚያች ቅጽበት በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት። ኋላ ላይ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት ከምንም በላይ ስለዚያ ደስታ ነው።

የክፍሏ ኃላፊ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «በይ፣ እንዴት አገኘሽው?»

«ጠረጠርኩ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የተፋቀው ሙጫ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ፤ ኃላፊዋም «እንዲህ ስህተት የሚያሸት አፍንጫ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም!» ብሎ አወደሳት። ባሏ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ፎቶው ዞረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

የቺፑ ምርት ቆመ። የነዳፊዎቹ መሪነት ከእሱ ተነሥቶ ትናንት ሥሩ ለነበረ ሰው ተሰጠ።

እቤት ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ወሬው ግን ነጠፈ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ጥቂት ቀን ታዝበው ታዝበው፣ ራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ የምለው፣ ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ ቤት ጨው በምልክት የሚጠየቀው?»

«ሥራ በዝቶብን ነው እማዬ» አለ ልጃቸው።

አማቷ ወደ እሷ ዞሩ። «እሱስ ከልጅነቱም ዝምተኛ ነው። አንቺ አጫውቺው እንጂ ልጄ፤ ካንቺ ወዲያ ለማን ሊናገር ነው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግሥቱ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። «አልጠረጠርኩም» አለችው። «እቤት ነግሮኝ ነው።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ ምን ይጠበስ? በሩ ክፍት ነበር፤ አሁን ይዘጋል። ሌባ ቢሆን ከማን ሰማህ ብለን አንጠይቀው!»

«እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?»

ሰውየው ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ሪፖርቱ ላይ የፈለግሽውን ልጻፍልሽ። ግን ባልሽ እያወቀ እንደተወው ይታወቅበታል። እስካሁን የረሳው ነው የሚመስለኝ።»

ጊዜ ስጠኝ ብላው ወጣች። ለራሷ ሕሊና ዕረፍት ስትል ባሏን ዳግመኛ ልትሸጠው ነው?

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው።

«እያወቅሁ እንደተውኩት ለአለቃዬ የዚያኑ ዕለት ነግሬዋለሁ» አላት። «ላንቺ መንገሬን ብቻ ነው ያልነገርኩት።»

«ለምን?»

«የቤታችን ወሬ ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?» አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ሲያይ ቆየ። «ስላገኘሽው አልተቀየምኩም። ደግ አደረግሽ፤ ሰው ያልቅ ነበር። ግን እዚያው አንድ ቃል ብትይኝ በእግሬ ሄጄ እነግራቸው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ?»

«ላሸንፍህ ፈልጌ ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብትፈልግ አጣች።

ባሏ ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡሱ ሲመጣ እንደወትሮው መጀመሪያ እሷን አሳፈራት።

አዲሱ ቺፕ ከወራት በኋላ ተሠራ። ፊውዙ ፋብሪካ ውስጥ ይቃጠላል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሠራው ሰው ራሱ አይከፍተውም። የዘጋው ባሏ ነው፣ በአዲሱ አለቃ ሥር ሆኖ። እሷ «የሱን ሥራ ሌላ ሰው ይፈትነው» ብላ ለመነች፤ የፈተኑት ሁሉ ደክሟቸው ተዉት። ፓምፖቹም ሆስፒታል ገቡ።

ባሏ አሁን ያወራል፤ ከእናቱ ጋር ሆኖ ይስቃል። አንዳንድ ቀን ግን «ዛሬ እኮ ቢሮ...» ብሎ ይጀምርና ቆም ብሎ ያያታል። ወሬውን የሚጨርስበት ቀን አለ፤ ያን ዕለት እንቅልፏ ጥሩ ነው። «ተይው፣ ምንም አይደል» ያለ ዕለት ግን ደግማ አትጠይቀውም፤ ተነሥታ ሳህኖቹን ታነሣለች።